የፍልሰታ ልኬት

ነሐሴ ሲገባ ቁጭ ማለት አልችልም። ቁጭ ብዬም ቁጭ አልልም፤ እግሬ የስፌት መኪናዋን ፔዳል ይረግጣል፣ እጄ ጨርቅ ይገፋል፣ ዓይኔ በሩ ላይ ነው። ላፍቶ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ ግራውንድ ላይ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ አለችኝ። የምሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። መስከረም ሳይጠባ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በፊቴ ያልፋል። ልጁ እጁን ይዘረጋል፣ ሆዱን ይሰበስባል፣ እናቱ «ሰፋ አድርጊለት፣ ያድጋል» ትላለች፣ እኔ ሜትሬን ወገቡ ላይ አዙሬ ቁጥሩን ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ።

ታዲያ ማንም ሳይነግረኝ የማውቀው ነገር አለ። ይህን ሥራ ስጀምር ለአንደኛ ክፍል ልጅ እቆርጠው የነበረው ጨርቅ ዛሬ ለብዙዎቹ አይበቃም። ለሁሉም አይደለም፤ አጥንቱ የሚቆጠር ልጅም ይመጣል፣ እናቱም ልብሱን ስታወልቅለት አንገቷን ትደፋለች። የወፍራሙ ልጅ እናት ግን ቀና ብላ ነው የምትገባው። «ደልደል ብሏል አይደል?» ስትለኝ «ተመስገን ነው» እላታለሁ። ሌላ ምን ልበል? እኛ ዘንድ ልጅ ወፈረ ማለት ቤቱ ደህና ነው ማለት ነው። እናትየው ከወጣች በኋላ ወገቡ ላይ ላስቲክ እጨምራለሁ፣ በሁለቱም ጎን ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ። ዓመቱ ሳያልቅ ተመልሳ እንደምትመጣ አውቃለሁ።

የራሴን ልጅ ግን ማንም ልብ እንዳይልብኝ አድርጌ ነው የያዝኳት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያለችኝም እሷ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዩኒፎርሟ ታጥቦ ሲደርቅ የጎኑን ስፌት ፈትቼ ትንሽ እለቀውና መልሼ እሰፋዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ። ልብስ ጠቧት ስለማያውቅ እሷ አላወቀችም፣ አባቷም አላወቀም። እኔም አላወቅሁም ብዬ ለመኖር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩን ያወጣው አንገቷ ነው። ሚያዝያ ይሁን ግንቦት፣ ፀጉሯን ስሠራት ማጅራቷ ላይ ጠቆር ያለ መስመር አየሁ። ቆሻሻ መሰለኝ። በሳሙና አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ በሻካራ ጨርቅ እስክታለቅስ አሸሁት፤ አልለቅ አለ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልተውም። በየሁለት ቀኑ መታጠቢያ ቤት አስገብቼ ሴት ልጅ አንገቷን አትታጠብም ወይ እያልኩ እጮህባታለሁ። በኋላ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ እያጠራት ጥግ መቀመጥ ስታበዛ አስተማሪዋ ሐኪም ቢያያት ጥሩ ነው አለችን፣ ወሰድናት። ዶክተሯ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ማጅራቷን ነው። ቆሻሻ አይደለም አለች፤ ሰውነቷ ከስኳር ጋር መታገል መጀመሩን ሊያሳይ ስለሚችል ደሟ ይታይ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ስለዚያ መታጠቢያ ቤት እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅርታ አላደረግሁም።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት፣ ረጋ ያለች። የደሙ ውጤት ሲመጣ ስኳር ገና አልያዛትም፣ አካሄዷ ግን ወደዚያ ነው አለችን። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ስንት ሰዓት ትተኛለች? ስትበላ ስልክ ታያለች? ሲጠማት የምትጠጣው ውሃ ነው ወይስ ጁስና ለስላሳ? ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች? ከትምህርት ቤት ስትመለስ የት ትጫወታለች? እኔና ባሌ ተያየን። ስልክ ካልያዘች አትጎርስም። ጁሱን ጤና ነው ብለን ነው የምንገዛው። ሰርቪስ ከበር አንስቶ በር ላይ ያወርዳታል፣ ትምህርት ቤቱ ግን በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። የት ትጫወታለች ቢሉ ደግሞ የትም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበት የነበረው ግቢያችን ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። እኔም ከሱቅ ሆኜ ስለማላያት በር ዘግታ እንድትቀመጥ ነው የማዛት።

ቀጥላ ያልጠበቅሁትን አመጣች። በቤተሰብ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍራም የነበረ ወይም ስኳር ያለበት ሰው አለ ወይ አለች። ባሌ መስኮት የሰበረ ተማሪ መስሎ እጁን አወጣ። አክስቱ፣ የአባቱ እህት፣ ወፍራም እንደነበረች ተናገረ፤ ከእኔ ነው የመጣባት ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች።

«በእኔ በኩል የለም» አልኳት።

ዋሸሁ። ባደግሁበት የመካኒሳ ቤት ቀጭን ሰው አልነበረም። እናቴ ወፍራም ነበረች፣ አጎቴ ወፍራም ነበር፣ ታላቅ እህቴ ዛሬም ወፍራም ናት። እኔም በልጄ ዕድሜ ከልጄ እበልጥ ነበር። ያኔ ደግሞ ጁስ የለ፣ ስልክ የለ፣ ሰርቪስ የለ። ከሌሎቹ ልጆች እኩል ስሮጥ እውላለሁ፣ ከሌሎቹ ልጆች እኩል እበላለሁ፤ እነሱ ይቀጥናሉ፣ እኔ ያው ነኝ። ትልልቅ ሰዎች ጉንጬን ቆንጥጠው ያሞግሱኛል፤ ልጆቹ «በርሜል» ይሉኛል። ሁለቱም ስለ አንድ አካል እንደሚያወሩ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እናቴ በስኳር ነው ያለፈችው። ዓይኗ ቀድሞ ደከመ፣ ቀጥሎ እግሯ ቆስሎ አልድን አለ።

እኔን ያከሳኝ ታይፎይድ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተኝቼ ከርሜ ስነሳ ቀሚሴ ላዬ ላይ ተንጠለጠለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያቺን የከሳች ልጅ ከዚያ ወዲህ አልለቀቅኳትም። ቁርስ አልበላም፣ እራቴ ሻይ ነው። ባሌ ያገባኝ እንዲህ ሆኜ ነው። እህቴን አራት ጊዜ አራስ ሆና በገንፎና በቅቤ እንደወፈረች ነው የሚያስበው፤ አላረምኩትም። እናቴን ምን እንደገደላት ሲጠይቀኝ ደም ግፊት ብዬዋለሁ። ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም ብል ደግሞ እንደገና መዋሸት ይሆናል። የበርሜሏን ወሬ ከእናቴ ጋር የቀበርኩት መስሎኝ ነበር።

ዶክተሯ የነገረችን አጭር ነው። ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው ዝንባሌ አለ፣ ከቤቱ የሚለምደው አለ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነገሩ ይፈጥናል። የወረሰችውን መቀየር አይቻልም፣ የለመደችውን ግን ይቻላል፤ ያውም ቤቱ ሁሉ አብሮ ሲቀይር። ቁርስ አታስቀሩባት፣ አታስርቧት፣ ለብቻዋ ምግብ አትለዩባት፣ በየቀኑ አትመዝኗት፣ ስለ ውፍረቷ ፊቷ ላይ አታውሩ አለች። ፍልሰታ ካለፈ በኋላ ብቻዬን ተመልሼ እውነቱን ስነግራት አልተቆጣችኝም። የወረሰችውን ካላወቅን የለመደችውን ብቻ እናያለን፣ ያኔ ልጅቷን ሆዳም እናደርጋታለን ነው ያለችኝ። ቤቴ ውስጥ የሠራሁት ይህንኑ ነበር።

ክረምቱ እንዲህ ገባ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሥራዬን ጥዬ ደረጃ እወጣለሁ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የብስኩት ፌስታል ድምፅ ከሰማሁ እገባለሁ። ብስኩቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቅሁ፣ አገኘችው። ከዚያ መግዛቱን ተውኩት፣ እሷም ጎረቤት ሄዳ መብላት ጀመረች። ጎረቤቶቼን እንዴት ልከልክል? በኛ ብሎክ የሰው ልጅ ገበታ ላይ ደርሶ ሳይጎርስ ከወጣ ነውር ነው፤ ልጄ ደግሞ አራት በር ካንኳኳች አራት ቤት በላች ማለት ነው። ስልኩን ቀማኋት፣ ታዲያ ምን ልሥራ ብላ ጠየቀችኝ። ዝናቡ ሲያባራ ውጪ ውጪ እላታለሁ፤ ትወጣለች፣ በቆሙት መኪኖች መሃል ትዞርና ትመለሳለች። ባሌ ከመሥሪያ ቤት ሲመጣ የቤቱን አየር ያይና ቀስ ብሎ «ተያት፣ የአክስቴ ነገር ነው» ይላል። ይህን ሲል ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ።

አንድ ቀን እንግዲህ፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መላው መጣልኝ። ፍልሰታ።

ፍልሰታን በኛ ሰፈር ሕፃናትም ይጾማሉ። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው የሚያልቀው፤ ልጆቹ ምንም ሳይቀምሱ ውለው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ተሰልፈው ይቆርባሉ። ሁለት ሳምንት ቁርስ የለም፣ ምሳ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ዶክተሯ አታስርቧት ብላለች፣ ሰምቻለሁ። ጾም ላይ ግን ማን አፉን ይከፍታል? ባሌ አይከፍትም፣ ጎረቤት አይከፍትም፤ አራቱም ቤት ልጄ ስታንኳኳ «ጾመኛ ናት» ብሎ ይመልሳታል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ነው። ሳስበው ደግሞ ልቤ ቅንጣት አልከበደም፤ እንዲያውም ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለኝ።

ዘንድሮ ፍልሰታን ጹሚ ስላት ልጄ በደስታ ተቀበለችኝ። ጓደኞቿ አምና ቆርበው እሷ ትንሽ ናት ተብላ ስለቀረች ቅር ብሏት ነበር። እህቴ በየቀኑ ከመካኒሳ በታክሲ እየመጣች ሀና ማርያም ስለምታስቀድስ ይዣት እሄዳለሁ አለች። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሳች። ገላዋን ታጠበች፣ ነጠላዋን ራሷ አጣጥፋ ለበሰች፣ ውሃ እንዳልውጥ ብላ አፏን እንኳ አልተጉመጠመጠችም። ቆርባ ስትመለስ አፏን በነጠላዋ ሸፍና፣ ረጋ ብላ እየረገጠች፣ ቀና ብላ ነበር። ለእመቤታችን ስዕለት ተስያለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን አይነገርም አለችኝ። ልጄ እንዲህ ቀና ብላ ስትሄድ ካየሁ ቆይቻለሁ።

በዚያው ቀን ወገቧን ለካኋት። አዲሱን ዩኒፎርምሽን ልሞክርልሽ ብዬ ሱቅ ጠራኋት፣ ሜትሩን አዞርኩ፣ ደረትና ቁመቷንም ለይምሰል ለካሁ። ቁጥሩን በደንበኞቼ ደብተር የመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍኩ፤ ስም የለ፣ «ፍልሰታ 1» ብቻ። በአራተኛው ቀን እንደገና። በሰባተኛው እንደገና። ክንዷን ዘርግታ ስትቆም ስለ ቅዳሴው ትነግረኛለች፤ ስንት ልጅ እንደነበረ፣ የትኛዋ ልጅ ሰልፍ ላይ እንዳዛጋች። እኔ «እህ» እያልኩ ሚሊ ሜትር እቆጥራለሁ።

ወገቧ አልቀነሰም። በሰባተኛው ቀን ጭራሽ ጨመረ። ሜትሬ ተለጥጦ ይሆናል ብዬ ሌላ ሜትር ገዛሁ። ምን እየሆነ እንዳለ ለማየት አንድ ቀን ሱቄን ዘግቼ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠበቅኋቸው። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዷን ውላለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዕድ ስትቀርብ እጇ ይንቀጠቀጣል። እህቴ አጠገቧ ተቀምጣ ታጎርሳታለች። ሱፍ ፍትፍት፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሌላ ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ሁሉም የጾም ነው፣ ሁሉም የተባረከ ነው። ከዚያ ድካሙና ጥጋቡ አንድ ላይ መጥተው ሶፋው ላይ ይጥሏታል፣ እስከ ምሽት አትነሳም። ዶክተሯ ቁርስ አታስቀሩባት ስትል ይህን ማለቷ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

እህቴን ደረጃው ላይ ይዣት ወጣሁና ተቆጣኋት። ልጄን ልትገድያት ነው ወይ አልኳት። እህቴ ስትናደድ ድምፅዋን ዝቅ ነው የምታደርገው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እኔ የራባትን ልጅ አበላሁ» አለችኝ። «አንቺ ግን ምን እየሠራሽ ነው? ያከሳሽ እኮ በሽታ ነው፣ ጉብዝና አይደለም።»

ወደ ሱቄ ወርጄ የመኪናዋን ክር ሦስት ጊዜ በጠስኩ። ያን ቀን ማቆም ነበረብኝ። ከነገ ጀምሮ ቁርስሽን ብዪ፣ ሕፃን ነሽ፣ እግዚአብሔር አይቆጣም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አምስት ቀን ናት የቀረችው፣ እህቴን ካራቅሁ ይስተካከላል ብዬ አሰብኩ። ልጄን ከቅዳሴ የማመጣት እኔ እሆናለሁ አልኩ፣ ግን የደንበኛው ብዛት አላላወሰኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ልጄ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ሱቅ መጥታ እንደ ልማዷ ታግዘኝ ነበር። እኔ ስቆርጥ እሷ ከደብተሩ ቁጥር ታነብልኛለች፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፣ ስማቸውን እየጠራች፣ ደረት ይህን ያህል፣ ወገብ ይህን ያህል እያለች። ከሰው ጋር ሳወራ ድምፅዋ ቆመ። ዞር ስል የመጨረሻው ገጽ ላይ ናት። ጣቷ ከመስመር ወደ መስመር ወረደ። ስም እንደሌለው አየች፣ ቀኖቹን አየች። የተለካችባቸውን ቀኖች ታውቃቸዋለች። መቀሱ እጄ ላይ ነበር፣ እንዳለ ቀረ። የሆነ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ደብተሩን ወደ መጀመሪያው ገልብጣ የሚቀጥለውን ልጅ ስም ጠራች። ከዚያ እህቴ መጣችና ወሰደቻት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አንዱን ሱሪ በተገላቢጦሽ ሰፋሁት። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁለት እናቶች በር ላይ ቆመው እያሉ መጣሁ ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ጠበቅሁ፣ ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ በእግሬ ጀመርኩ። ዝናቡ አባርቶ ጭቃው ቀርቷል። የለበስኩት የሱቅ ጋወን ነው፣ ነጠላ እንኳ አልያዝኩም፣ አንገቴ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል። አውልቄ ኪሴ ከተትኩት። ቅጥሩ ጋ ስደርስ ቅዳሴው ወደ መጨረሻው ነበር፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል። ከዛፍ ሥር ቆሜ ፈለግኋት። ከፊቷ ስድስት ወይም ሰባት ልጅ ሲቀር አገኘኋት።

ሰልፉ ሄደ። አራት ልጅ ቀራት፣ ሦስት ቀራት። ከዚያ ከሰልፉ ወጣች። ማንንም ሳትገፋ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ከኋላዋ ላለችው ልጅ ቦታ ለቀቀችላት። እህቴ ከሴቶቹ በኩል ሆና በእጇ ተመለሺ ትላለች፤ ልጄ ራሷን ነቀነቀች። ወደ በሩ ስትመጣ ነው ያየችኝ። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፣ አላለቀሰችም። ለእህቴ በምልክት እኔ እወስዳታለሁ አልኳትና እጇን ይዤ ወጣን።

መንገዱን ትንሽ እንደሄድን ለምን እንደተወችው ጠየቅኋት።

«ለእመቤታችን የጾምኩ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ለወገቤ ከሆነ ግን መቀበል አልችልም። ውሸት ይሆንብኛል።»

ቆምኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሥር ቀን ሆዷ ሲጮህ አንድም ጊዜ ራበኝ ሳትል የዋለችው ለስዕለቷ ነው፤ እኔ ያን ስዕለት ወስጄ ሜትር አድርጌዋለሁ። ምን አለ አካሏን ብቻ በጎዳሁባት ኖሮ። አፍሬ አላውቅም እንደዚያ ቀን። አንቺ አልዋሸሽም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ጾምሽ የራስሽ ነው፣ ማንም አይወስድብሽም አልኳት። አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ። ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ለምንስ ታምነኛለች?

ስለዚህ ሌላውን ነገርኳት። እዚያው፣ መንገድ ዳር፣ ታክሲዎች ጭቃ እየረጩብን። በሷ ዕድሜ ከሷ እወፍር እንደነበር፣ ምን ብለው ይጠሩኝ እንደነበር፣ አያቷ በምን እንደሞተች፣ ይህ ነገር ከአባቷ አክስት ሳይሆን በእኔ በኩል እንደመጣ። ብዙ ስለበላሽ ብቻ አይደለም፣ ሰነፍ ስለሆንሽም አይደለም፤ ከእኔ የወረስሽው ነገር አለ፣ በቤታችን ያስለመድንሽ ነገር ደግሞ አለ፣ ያንን አብረን እንቀይረዋለን አልኳት። ይህን ለአባቷም ዛሬ እነግረዋለሁ አልኳት፣ ያንኑ ቀንም ነገርኩት። «አክስቴን በከንቱ አማኋት» ብቻ አለ።

ልጄ ግን ስፈራው የቆየሁትን ጥያቄ አልነበረም የጠየቀችኝ። በርሜል ማን አለሽ አላለችም፣ ለምን ዋሸሽኝ አላለችም።

«አንቺንስ ማን ነበር የሚለካሽ?» አለችኝ።

ማንም፣ ራሴ ነኝ አልኳት። ሱቄን ስከፍት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ መጋረጃውን ጋርጄ።

«አሁንም?»

አሁንም አልኳት። ዛሬ ጠዋትም። ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ልጄ ከታች ወደ ላይ፣ ትንሽ ጨነቅ ብሏት፣ እያየችኝ ነው።

«ማሚ፣ አንቺንም ይርብሻል?»

ይርበኛል አልኳት፣ ሁልጊዜ ይርበኛል። እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር» አለችኝ።